«የህንድ ፊልም ነው» ብሎ ለማለፍ አይቸኮል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ህንድ ፊልም የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። «አንቺ የህንድ ነገር ስለምትወጂ ይህን እይው» ብላ ጓደኛዬ ናት የላከችልኝ። አማርኛው ያምራል። ጸሐፊውም ህንድን ለመሳደብ ብለው የተነሱ አይመስለኝም። የደረሱበት ቦታ ግን ከልቤ አሳዘነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። የህንድ ፊልም ሰው ችግሩን የሚረሳበት የሦስት ሰዓት መደበቂያ ነው፤ ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም። ፍቅሩም ውሸት ነው፤ ህንዶች የሚያገቡት ቤተሰብ የመረጠላቸውን ነውና። ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶችን የሚያሳዩ ፊልሞች ጠብ ስለሚያመጡ መንግሥት ቢቆጣጠራቸው ልክ ነው። ተዋናይ መርጦ ሥልጣን ላይ የሚያወጣ ሕዝብም ፊልምና እውነት የተምታታበት ነው። ዛሬ ደግሞ ሁሉም ስልክ ስላለው የድሮው የፍቅር ጣጣ አልቋል። በመጨረሻም «ሁሉም በሠርግ ያልቃል፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ» ይላሉ። ልጅን በግድ ስለመከተል የጻፉት አንድ አንቀጽ ግን ትክክል ነው። እሱንም እመለስበታለሁ።

እኔ የህንድ ፊልም ያየሁት በሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ሂንዲ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ጽሑፍም ከሥሩ አይሄድም። ግን እናለቅስ ነበር። «አይዞሽ፣ አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን እንጽናናለን። ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ መርካቶ ሲኒማ ራስ ገብተው ነው ያዩት። ቋንቋውን ሳናውቅ ምን እንዳስለቀሰን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ልጅቷን ለምን እንደከለከሏት ማንም እንዲያስረዳን አያስፈልገንም ነበር። የአባትየውን ፊት እናውቀዋለን።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ ልግባ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም የሚለውን ልጀምርበት። በሰኔ 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ተቃዋሚዎች ታሰሩ። ጋዜጦች በሳንሱር ሥር ወደቁ። ይህ እስከ መጋቢት 1977 ቆየ። «ሾሌይ» የተባለው ፊልም የወጣው በዚህ መሀል ነው፤ ነሐሴ 15 ቀን 1975። ሽፍታው ጋባር ሲንግ የቀድሞውን የፖሊስ መኮንን ሁለት እጆች ቆርጦበታል። ፊልሙ መጀመሪያ ሲቀረጽ መኮንኑ በመጨረሻ ሽፍታውን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱሮቹ ይህን አልፈቀዱም። ዜጋ ፍርድን በራሱ እጅ አስገባ ማለት ነውና። ስለዚህ ፖሊሶች በመጨረሻው ደቂቃ ደርሰው የሚያስቆሙበት መጨረሻ ተቀረጸ። ሚሊዮኖች ለ50 ዓመት ያዩት ይህን ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ ታድሶ በአደባባይ የታየው በ2025 ነው።

በዚያው ጊዜ ዘፋኙ ኪሾር ኩማር ለመንግሥት ፕሮግራም አልዘፍንም አለ። ድምፁ ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፋ። በፖለቲከኞች ላይ የሚሳለቅ አንድ ፊልም ደግሞ ቅጂዎቹ ተወስደው ተቃጠሉ። «አንዲ» የተባለውንስ ጸሐፊው አይተውት ይሆን? ፖለቲከኛዋ ሴት ለምርጫ ቅስቀሳ አንድ ከተማ ትሄዳለች። ያረፈችበት ሆቴል ኃላፊ ከዓመታት በፊት የተለያት ባሏ ሆኖ ይገኛል። ማታ ማታ ተደብቀው ይገናኛሉ። ስለ ቀድሞ ትዳራቸው ያወራሉ። ይኸው ነው፤ የፍቅር ፊልም ነው። ግን ሴትዮዋ በአለባበሷ ኢንድራ ጋንዲን ትመስላለች ተብሎ በአዋጁ ዘመን ታገደ። ጸሐፊው ሰውን የሚያስተኛ ነው ያሉትን ነገር መንግሥት ይህን ያህል ፈርቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ህንዶች በቤተሰብ ምርጫ ስለሚያገቡ የፊልሙ ፍቅር ውሸት ነው» ይላሉ ጸሐፊው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው ጋብቻ ዛሬም በቤተሰብ በኩል ነው የሚፈጸመው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ህንድ ውስጥ ጋብቻ የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ካስት የሚባለው በልደት የሚወረስ ደረጃ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በጋብቻ ነው። ልጅቷ ከራሷ ካስት ውጪ ካገባች አጥሩ ፈረሰ። ለዚህ ነው ጥበቃው የጠነከረው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ወደ 30,000 የሚጠጉ ህንዳውያንን ጠይቆ በ2021 ውጤቱን አውጥቶ ነበር። ከመቶ 64 የሚሆኑት የማኅበረሰባቸው ሴቶች ከሌላ ካስት እንዳያገቡ መከልከል «በጣም አስፈላጊ» ነው ብለዋል። ይህ የጥቂት አክራሪዎች ሐሳብ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያስበው ነው። እኛም አገር አጥንት መቁጠር ምን እንደሆነ፣ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ ሲጠየቅ ቤተሰብ ምን እንደሚል የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው አምቤድካር ነው። የተወለደው «አይነኬ» ከሚባሉት ነው። በኋላ የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። በ1936 ላሆር ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ጽሑፉን አዘጋጀ። ጋባዦቹ ሲያነቡት ደነገጡና ስብሰባውን ሰረዙ። እሱም በራሱ ወጪ አሳትሞ አወጣው። ካስትን የሚያፈርሰው እውነተኛ መድኃኒት በካስቶች መካከል የሚደረግ ጋብቻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ውስጥ አለ። አብሮ መብላት እንኳ አይበቃም፤ ደም ሲቀላቀል ብቻ ነው ባዕድነት የሚቀረው ይላል። ራሱም በ1948 ብራህሚን ከሚባለው ከላይኛው ካስት የተወለደች ሐኪም አገባ። እንዲህ ባለ አገር «እሷን እወዳታለሁ» ማለት ፖለቲካ ነው፤ ተናጋሪው ያስበውም አያስበውም።

ሕጉን ደግሞ እንየው። ሃይማኖታቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች አንዳቸውም ሳይለውጡ መጋባት ከፈለጉ በ1954 የወጣ ልዩ የጋብቻ ሕግ አለ። ጥሩ ሕግ ነው፤ በዘመኑም ደፋር ነበር። ነገር ግን ጥንዶቹ አስቀድመው ለጋብቻ ሹሙ ማስታወቂያ ማስገባት አለባቸው። ማስታወቂያው በጽሕፈት ቤቱ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ከዚያ 30 ቀን ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ማንም መጥቶ መቃወም ይችላል። እስቲ አስቡት። ከቤተሰቧ ተደብቃ የምታገባ ልጅ ስሟ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወር ሙሉ ትጠብቃለች። ወንድሟ እስኪያነበው ድረስ ማለት ነው። በ2021 መጀመሪያ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስታወቂያው የሚለጠፈው ጥንዶቹ ከፈለጉ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ያን ፍርድ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ «የፍቅር ጂሃድ» የሚባል ክስ አለ። ሙስሊም ወንዶች የሂንዱ ሴቶችን በፍቅር ስም እያታለሉ ሃይማኖት ያስለውጣሉ የሚል ነው። በ2020 መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህ ቃል በሕግ ትርጉም እንደሌለው፣ በማዕከላዊ መርማሪዎችም የተመዘገበ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንደሌለ ለፓርላማ ተናገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የኡታር ፕራዴሽ ግዛት ስለ ሃይማኖት መለወጥ ደንብ አወጣ። መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከ60 ቀን በፊት ለአስተዳዳሪው ማሳወቅ አለበት። ሃይማኖት ለማስለወጥ ብቻ የተደረገ ጋብቻ ፈራሽ ነው። ከ2024ቱ ማሻሻያ በኋላ ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርሳል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል «ሙጋል ኤ አዛም» የተባለውን ፊልም አስቀምጡት። የወጣው በ1960 ነው። ልዑል ሰሊም አንዲት የቤተ መንግሥት ጨፋሪ ይወዳል። አባቱ ንጉሠ ነገሥት አክባር ይከለክላል። ልጅቷ በመስታወት በተሞላው አዳራሽ ንጉሡ ፊት ቆማ ትዘፍናለች። የዘፈኑ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሌባ አይደለሁም፤ ወደድኩ እንጂ፤ ምን ያስፈራኛል? ንጉሡ ፊቱን ቢያዞር በየመስታወቱ እሷን ነው የሚያየው። ከዚህ በላይ ፖለቲካዊ ትዕይንት የት አለ? ጸሐፊው «ዘፈኑ ጊዜ ማባከኛ ነው» ያሉት እኮ ይህን ነው። ቤት ውስጥ መናገር የማይቻለው የሚነገርበት ቦታ ዘፈኑ ነው። ልጅቷ አባቷን በንግግር መቃወም አትችልም። በዜማ ግን ትችላለች፤ አዳራሹ በሙሉም አብሯት ያንጎራጉራል።

ጠብ የሚያመጡ ፊልሞች ስለተባሉት አላበዛም። በታህሳስ 1992 አዮድያ በተባለችው ከተማ የባብሪ መስጊድ በሂንዱ አክራሪዎች ፈረሰ። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ውስጥ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል እስከ ጥር 1993 በዘለቀው ግጭት ወደ 900 ሰው ሞተ። የዳይሬክተር ማኒ ራትናም ፊልም «ቦምቤይ» የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1995። ሂንዱ ባልና ሙስሊም ሚስት፣ መንታ ልጆቻቸውም በእሳቱ መሀል ጠፍተው ይታያሉ። ፊልሙ ግጭቱን አላመጣም። አለቀሰለት እንጂ። ቦምብ የተወረወረው ግን በዳይሬክተሩ ቤት ላይ ነው። በ2023 ደግሞ «ዘ ኬራላ ስቶሪ» ወጣ። ማስታወቂያው ኬራላ በተባለው የደቡብ ህንድ ግዛት 32,000 ሴቶች ተታለው ሃይማኖት ለወጡ የሚል ነበር። ቁጥሩ ማስረጃ አልነበረውም፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል ይህን የሚገልጽ ማሳሰቢያ እንዲጨመርበት ተደርጓል። ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ አነሱት። በአንዳንድ ግዛቶችም ከግብር ነፃ ሆነ። ጸሐፊው መንግሥት ጠብ የሚያመጣውን ይቆጣጠር ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ፍቅር ያገናኛል የሚለው ፊልም ይፈራል። ፍቅር ወጥመድ ነው የሚለው ይሸለማል።

ተዋናይ ስለሚመርጠው ሕዝብ የጻፉት ደግሞ የደቡብ ህንዱን ግዛት ታሚል ናዱን የዘለለ ነው። እዚያ ፊልም የአንድ የፖለቲካ ንቅናቄ ክንፍ ነበር። የንቅናቄው መሪዎች አናዱራይም ካሩናኒዲም የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊዎች ነበሩ። ካሩናኒዲ በ1952 የጻፈው «ፓራሳክቲ» ስለ ካህናትና ስለ ድሆች የሚናገረው ንግግር አገር አነጋግሯል። አናዱራይ በ1967 ምርጫ አሸንፎ የግዛቲቱ መሪ ሆነ። መንግሥቱ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ ያለ ካህን የሚፈጸም ጋብቻን ሕጋዊ የሚያደርግ ነው። ሁለት ሰዎች በወዳጆቻቸው ፊት አበባ ተለዋውጠው ባልና ሚስት ይሆናሉ። የፊልም ጸሐፊ ሥልጣን ሲይዝ ያደረገው ይህን ነው! ተዋናዩ ኤም ጂ አር ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ሲመራ ለትምህርት ቤት ልጆች የምሳ ፕሮግራሙን አስፋፍቷል። ሕዝቡ ሲመርጥ የቆረጠው የሲኒማ ቲኬት አልነበረም። ዝና ብቻውን እንደማይበቃም የዝነኛው ተዋናይ የአሚታብ ባቻን ታሪክ ያሳያል። በ1984 ከአላሃባድ ተመርጦ ፓርላማ ገባ፤ በ1987 ለቆ ወጣ።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልመለስ። ብዙ የህንድ ፊልሞች ውስጥ አክተሩ ልጅቷን መንገድ ላይ ይከተላታል። እምቢ ትለዋለች። ይዘፍንባታል። ሻርፕዋን ይጎትታል። በመጨረሻ ትወደዋለች። ይህ ፍቅር አይደለም። ልጅ ሆነን እየሳቅን ያየነውን ዛሬ ሳየው ሆዴን ያመኛል፤ በተለይ እኛም ሰፈር ያንኑ ኮርጀው የሚከተሉን ልጆች ስለነበሩ። ህንድ ውስጥ ሴትን መከታተል ራሱን የቻለ ወንጀል የሆነው በ2013 ነው፤ በታህሳስ 2012 ዴልሂ ላይ በደረሰው አሰቃቂ ጥቃት ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ። ከካሜራው ጀርባ ያለውም ቀላል አይደለም። የኬራላ የፊልም ሴቶች ተደራጅተው ጮኸው በ2017 አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሄማ ኮሚቴ ይባላል። ሪፖርቱ በ2019 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ለሕዝብ የወጣው ግን በነሐሴ 2024 ነው። ወደ አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን ነኝ።

«የድሮው ጣጣ አልቋል» በሚለው ግን አልስማማም። የዳይሬክተሯን የፓያል ካፓዲያን ፊልሞች ይመልከቱ። በ2021 የወጣው ዘጋቢ ፊልሟ አንዲት የፊልም ተማሪ ለፍቅረኛዋ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች ተከትሎ ይሄዳል። ልጁን ካስቷ ስለማይመጥን ቤተሰቡ ከልክሎታል። ከደብዳቤዎቹ ጎን የተማሪዎች ተቃውሞ ይታያል፤ በ2015 የፑኔ ፊልም ተቋም ተማሪዎች በተሾመባቸው ሰብሳቢ ላይ አንስተውት ለ139 ቀን የቆየው አድማ ጭምር። የሷ ሐዘንና የግቢው ቁጣ አንድ ላይ ነው የሚፈሱት።

በ2024 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የተባለውን ሽልማት ያገኘው ፊልሟ ደግሞ ሙምባይ ውስጥ የሚሠሩ የሆስፒታል ሴቶችን ይዞ ይሄዳል። ታናሿ ነርስ አኑ ሂንዱ ናት፤ ወዳጇ ሙስሊም። ስልክ አላቸው። መልእክት ይላላካሉ። ግን የሚገናኙበት ክፍል የለም። ልጅቷ ወደ ሰፈሩ ለመሄድ ቡርቃ ትገዛለች። ስልኩ ጣጣውን አልጨረሰውም፤ ርቀቱን ነው ያሳጠረው። አብራት የምትኖረው ፕራባ ቤተሰብ የመረጠላትን አግብታ ባሏ ጀርመን ሄዷል። መደወል አቁሟል። አንድ ቀን ከጀርመን የሩዝ መቀቀያ በፖስታ ይደርሳል። ማታ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ያን ዕቃ ታቅፈዋለች። ባሏ ውጭ አገር የቀረባት ሴት ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ሦስተኛዋ ፓርቫቲ የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ ናት። ባሏ ሞቷል። ለዓመታት የኖረችበትን ቤት ለሕንፃ ሠሪ እንድትለቅ ትገደዳለች፤ የኔ ነው የምትልበት ወረቀት የላትም። ጸሐፊው ፖለቲካው የት አለ ካሉ፣ በሦስቱም ሴቶች ማድቤት ውስጥ አለ።

የቀረው ሠርጉ ነው። «ሁሉም በሠርግ ያልቃል» ላሉት የ1995ቱን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ማንሳት ግድ ይላል። ሙምባይ ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከ25 ዓመት በላይ ታይቷል። ሻሩክ ካን የሚወዳትን ልጅ ይዞ መጥፋት ይችል ነበር። እናቷ ራሷ ወርቋን ሰጥታ «ይዘሃት ሂድ» ትለዋለች። አልሄድም ይላል። አባቷ በፈቃዱ እንዲሰጠው ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ ባቡሩ ሲነሳ አባትየው የልጅቷን እጅ ይለቃል፤ እሷም ትሮጣለች። እኔም ስንቴ አልቅሼበታለሁ። ግን ይህ መጨረሻ አቋም ነው። ፍቅር ይፈቀዳል፤ በአባት ፈቃድ ከሆነ።

ከ21 ዓመት በኋላ ዳይሬክተሩ ናግራጅ ማንጁሌ «ሳይራት» የተባለውን ፊልም ሠራ። እሱ ራሱ ዝቅ ከተደረገ ካስት የተወለደ ነው። ፊልሙ በማራቲ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ከተሠሩ ፊልሞች ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ያስገባ የመጀመሪያው ሆነ። አርቺ የባለመሬትና የአካባቢው ፖለቲከኛ ልጅ ናት። ሞተር ብስክሌት ትነዳለች፤ ትራክተርም ትነዳለች። ፓርሽያ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ይዋደዳሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ዘፈን ነው፤ ጭፈራ ነው፤ ጸሐፊው «የህንድ ፊልም» የሚሉት ዓይነት። ከዚያ ይጠፋሉ። ሃይደራባድ የድሆች መንደር ውስጥ ይኖራሉ። ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። ሥራ ያገኛሉ። ልጅ ይወልዳሉ። አርቺ ለእናቷ ትደውላለች። አንድ ቀን ወንድሟና ዘመዶቿ ከእናቷ የተላከ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ። ሕፃኑ ከጎረቤት ጋር ወጥቷል። እሷ ደስ ብሏት ሻይ ታፈላላቸዋለች።

ጎረቤቷ ልጁን በር ላይ አድርሳው ትሄዳለች። ገና ድክ ድክ የሚል ነው። ወደ ውስጥ ይገባል። እናትና አባቱ ወለሉ ላይ ናቸው። ከዚያ እያለቀሰ ይወጣል። እግሩ ትንንሽ ቀይ ዱካ እየተወ በደጁ ያልፋል። በዘፈን የጀመረው፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋው ፊልም እዚህ ላይ ድምፁ ጠፍቷል። ልጁ ሲያለቅስ ይታያል፤ አይሰማም።